ከወሰን ድንጋዩ ሥር ያለው ሰው

ለወንድሜ ለሰንበታ በዳኔ፣
አሰብ።

አካም ጅርታ? ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ዓይኔን አመመኝ ብለህ በሾፌሩ በመሐመድዘይን የላክህብኝ ቃል ከደረሰኝ አምስት ወር ሆነ፤ ተሻለህ ወይስ የባሕሩ ነፋስ አላሳርፍህ አለ? ባለቤትህ ጤናዬ ደኅና ናት? ጉልበቷን ያሻት ነበር፤ አሁንስ ደረጃ ትወጣለች? ልጆችህ በርትተው ይማራሉ? ውሃችሁ ዛሬም በቦቴ ነው የሚመጣው ወይስ ቧንቧ ገባላችሁ? ሙቀቱስ? አንተ ስትጠየቅ መልሰህ የምትጠይቅ ሰው ስለሆንክ፣ እዚህ የጻፍኩትን አንድ በአንድ እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ።

እኔ ደኅና ነኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ጥርሴ አልቋል፤ ዓይኔ ግን ያለ መነጽር ያነባል። ባለቤቴ ጉዲቱ ደኅና ናት፤ ጾሙን ይዛለች። በልግ እስካሁን አልጣለም። አዋሽ ቀጥኗል፤ በመልካው ላይ ልጅ ሱሪውን ሳያጥፍ ይሻገራል። ከብቶቹ አልተጎዱም።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁም። መሐመድዘይን ራሱ በእጅህ ያኖረዋል። አንብበህ ስትጨርስ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። የምጽፈው አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠይቄህ የማላውቀው ነገር ነው። ከሚያዝያ ስድስት በፊት መልስህ ሊደርሰኝ ይገባል፤ በዚያ ቀን ሰዎች መጥተው ይጠይቁኛል፣ እኔም በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም ብዬ የምኖር ሰው ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። አምና በድምፅ ባጸደቅነው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ በመስከረም ሸንጎው አገሩን እንደገና እንደ ከፋፈለው በራዲዮ ሰምተሃል። ሃያ አራት የአስተዳደር አካባቢ፣ አምስት ራስ ገዝ። እናንተ አሰቦች ራስ ገዝ ሆናችኋል። እኛ የአስተዳደር አካባቢ ነን። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ አግኝቻለሁ። አንተ ከውስጥ ያለህ ነህና ንገረኝ፤ ትናንት አዲስ አበባ ይወሰን የነበረ፣ ዛሬ እዚያው አሰብ የሚወሰን ነገር አንድ እንኳ አይተሃል? ካየህ ጻፍልኝ። ካላየህም ጻፍልኝ።

በጥር ወር ናዝሬት የሦስት ቀን ስብሰባ ተጠራ። አዲሱን አስተዳደር የሚያስረዳ ነው ተባለ። ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ ሰው ይላክ ሲባል የመልካ ዶባ ሰው እኔን መረጠኝ። የእድራችን ዳኛ ኡርጌሳ ተነሥቶ «ኦቦ መርዳሳ ፊደል ያውቃል፣ ሰውም አይፈራም፣ እሱ ይሂድልን» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ስድሳ ዓመት ስናገር ያላጨበጨበልኝ ሰው ያን ቀን ለምን እንዳጨበጨበ መጠርጠር ነበረብኝ። ከመንደር ሊያስወጡኝ ነበር።

ስብሰባውን የመራው ጓድ ኃይለጊዮርጊስ የሚባል ወጣት ካድሬ ነው። ልጅ ቢሆንም ትሑት ነው፤ ሲናገር የሰው ዓይን ያያል። እጄን አነሣሁና ከላይ የሚወሰነውና ከታች የሚወሰነው ተለይቶ ይነገረን አልኩ። «አባባ፣ ዝርዝሩ ወደ ፊት በአዋጅ ይወጣል» አለኝ። እስኪወጣስ ማን ይወስናል አልኩት። «የበላይ አካል» አለ። እንግዲያው ለእኛ የቀረልን ምንድነው ስለው፣ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ የመቂ ሽንኩርት አምራች «ጭብጨባው የእኛ ነው፣ አባባ» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ አልሳቅኩም። ተቀመጥ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ጓዱም እንደማልቀመጥ ሲያይ እንዲህ ብሎ ዘረዘረልኝ፦ ምንጭ፣ የመንደር መንገድ፣ የገበያ ቦታ፣ መቃብር የአካባቢ ጉዳይ ነው፣ ራሳችሁ ትወስናላችሁ፤ ጦር፣ የውጭ ጉዳይ፣ የአስተዳደር ወሰን የማዕከላዊ መንግሥት ነው፣ ማንም አይነካውም። ደብተሬን አውጥቼ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩና መቃብርን በግራ፣ ወሰንን በቀኝ ጻፍኩ። ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የተጨበጠ ነገር ያገኘሁት ይህን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን እስከ ወንጂ በአገዳ መኪና ተሳፍሬ፣ ከዚያ በእግሬ ተመለስኩ። ወደ መንደራችን የሚወስደውን መንገድ ታስታውሳለህ፤ ቀድሞ የሚቀበልህ የውሻ ጩኸት ነው። ያን ቀን አንድ ውሻ አልጮኸም። ውሾቹ ነበሩ፤ አይቻቸዋለሁ። በየደጃፉ ተኝተው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ መቃብሩ በኩል ያያሉ። ከኡርጌሳ ቤት ፊት የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ጉዲቱም ከመካከላቸው ናት። ማን ሞተ አልኳት። ቀና ብላ አይታኝ «ማንም አልሞተም። እንግዳውን አመጣነው» አለችኝ።

እንግዳው ማን እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ ከሄድክ በኋላ የወጣ ስም ነው። በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እኔና አንተ ከጣሊያኑ ቀያሽ ጋር፣ በሸዋና በአርሲ መካከል ያቆምነውን የሲሚንቶ ወሰን ድንጋይ ታስታውሳለህ። ወንዙ በየጎርፉ አልጋውን እየለወጠ ወሰኑን ስላሳታቸው፣ ሙሴው ከሾላው ዛፍ በመሬት መለኪያ ሰንሰለታችን ስድስት ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ ለክቶ እዚያ ይቁም ያለው ነው። ፊቱ ላይ ቁጥሩን አሥራ ሰባት፣ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱን ጻፍን። ይኸው ነው ጥፋቱ። የመንደራችን ሴቶች ያንን ሲያዩ መቃብር ነው አሉ። ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ድንጋይ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ነው የሚሉት። ከላዩ ያለው አሥራ ሰባት ደግሞ ዕድሜው ነው አሉ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሞተ፣ ዘመድ የሌለው የሰው አገር ልጅ። እንጨት ለቅመው ሲመለሱ እርጥብ ሣር ይጥሉለታል፣ ስሙን ስለማያውቁ እንግዳው ብለው ሰላም ይሉታል። የተጣላ ሰው እዚያ ይማማላል። መቃብር አይደለም፣ እኔ በእጄ ያቆምኩት የወሰን ድንጋይ ነው እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ነግሬአቸዋለሁ። እማማ ዘርፉ፣ በመንደራችን ሙሾ የምታወርደዋ አሮጊት፣ «አንተ ድንጋዩን ነው ያቆምከው፤ ከሥሩ ያለውን ማን አቆመው?» ትለኝ ነበር። የማይገባት ሴት እያልኩ አልፋታለሁ።

አዲሱ አስተዳደር ሲመጣ ወሬ ተነሣ። ከወሰኑ ወዲያ ያለ ከወሰኑ ወዲህ ለመምጣት ወረቀት ያስፈልገዋል፣ በመንደር ምሥረታውም የአርሲው ወደ አርሲ፣ የሸዋው ወደ ሸዋ ይወሰዳል ተባለ። ያን ጊዜ እድሩ ተሰበሰበና ስለ እንግዳው መከረ። ዘመድ የሌለው ሰው በሁለት መንግሥት መካከል ሜዳ ላይ ሊቀር ነው፤ እኛ ከሄድን ሣር የሚጥልለት የለም፤ ወደ መቃብራችን እናስገባው አሉ። መቃብር የአካባቢ ጉዳይ መሆኑን ናዝሬት ተቀምጬ ስጽፍ እነሱ እዚህ ሳይነገራቸው አውቀውታል። ስምንት ሰው ሲሚንቶውን ከሥሩ ቆፍሮ አወጣው። በቃሬዛ ተሸከሙት፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ተከተሉ። እንደ ደንቡ ቀበሩት፣ ድንኳን ጣሉ፣ ንፍሮ ቀቀሉ። እንዲህ አድርገው የሁለት አስተዳደር አካባቢ ወሰን ከእናታችን ከአየለች ራስጌ አምጥተው ተከሉት።

ያን ስሰማ እንዴት እንደሆንኩ አልነግርህም። ኡርጌሳን መሐይም አልኩት፣ ከዚያም የከፋ አልኩት። ወሰን ማፍለስ በየትኛውም መንግሥት ወህኒ እንደሚያስገባ ነገርኩት። ስጨርስ «ኦቦ መርዳሳ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ስንነሣ ቃሬዛው ጉልበታችንን ሊሰብረው ነበር። መንደሩ እየቀረበ ሲመጣ ቀለለን። ከእናትህ መቃብር አጠገብ ስናደርሰው ባዶ ቃሬዛ የያዝን መስሎን ወደ ኋላ አየን» አለኝ። ሰው ሲለምደው ሸክም ይቀላል አልኩት። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ በጨርቅ የታሰረ ነገር ይዞ ወጣ። «ድንጋዩን ብቻ አይደለም ያመጣነው። ሰውየውንም ነው። ይህ ከጣቶቹ መካከል ነበር» ብሎ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሰንበታ፣ የሰንሰለቴ የነሐስ ምልክት ናት። ሦስት ጥርስ ያላት፣ ሠላሳኛውን ዘለበት የምታሳየዋ። ሰንሰለቱ ዛሬም በግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺ አንዲት ምልክት የለችውም። ሮጬ ሄጄ ገጠምኳት። ገጠመች።

እንግዲህ ሆራን አስታውስ። እኔ በየቀኑ ሳላስታውሰው ለመኖር የሞከርኩትን ሰው አንተ እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ከአቦምሳ የመጣው ቀጭኑ፣ ፊት ሆኖ ሰንሰለት የሚጎትትልን። ምልክቷ የጠፋች ዕለት ከእጁ ነው የጠፋችው ብዬ ተቆጣሁት፤ ሳያገኛት አብሮን እንዳይበላ ከለከልኩት። በነጋታው ወባ ያዘው። ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙሴው በበቅሎ ጭነን እናድርሰው ሲል፣ ሲሠራ ይተወዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ሾላው ሥር አስተኝተነው አንድ ኮዳ ውሃ አኖርንለት። ትኩሳቱ ሲለቅህ ጉድጓዱን ቆፍር፣ ነገ ስንመለስ ተቆፍሮ ላግኘው፣ ምልክቷንም ፈልግ አልኩት። እሺ አለ። ለሁለቱም እሺ አለ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስንመለስ ሆራ አልነበረም። ዶማው በጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሟል። ኮዳው ባዶ ነው። ጉድጓዱ ካዘዝኩት በላይ ሰፍቶ ተቆፍሯል። አኩርፎ አገሩ ገብቷል አልኩ፤ ሰድቤዋለሁም። ሲሚንቶውን ልናፈስ ስንል አንተ ወርደህ ታቹን ረገጥክና ቀና ብለህ ያልከኝን አሁንም እሰማዋለሁ። «ጋሼ፣ አፈሩ ይሰምጣል» አልክ። ውጣ፣ መሽቶብናል፣ አፍስስ አልኩህ። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር። አፈሰስን። በሦስተኛው ሳምንት አንተ ሳትሰናበተኝ በጨው መኪና ወደ አሰብ ሄድክ፤ እስከ ዛሬም አልተመለስክም። እናታችን ስትሞት እንኳ ብር ላክህ እንጂ አልመጣህም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያን ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ስትወርድ ምን አየህ? እኔ እንደማስበው ከሆነ፣ መንገደኛ ሞቶ አግኝቶት፣ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ አፈር አልብሶት ሄዷል። በዚያ በኩል ግመል ነጂዎች ያልፉ ነበር፤ ሜዳ ላይ ያገኙትን ሰው ሳይቀብሩ አያልፉም። ይህ ደግ ሥራ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ነገር ግን ይህን የሚያውቅ የለም። አንተ እግርህ ነክቶታል። እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነገር አለ፤ ልጽፈው አልወድም፣ ግን እጽፈዋለሁ። አፈሩ የሰመጠው ለምንድነው? ሳትሰናበተኝ ለምን ሄድክ? ሰውየው በዚያ ሰዓት ሞቶ ነበር? ያየኸውን ጻፍልኝ። ልታተርፈኝ ብለህ አንዳች ነገር አታስቀር። ልጅ ነበርክ፣ ታላቅህ አዘዘህ፣ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።

በየካቲት መጨረሻ ሁለት ኮሚቴ በአንድ ላንድሮቨር መጣ፤ አንዱ ከናዝሬት፣ አንዱ ከአሰላ። መጀመሪያ ወሰኑ ላይ ሄዱ። ድንጋዩ የለም፤ ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው። እኔም አብሬ ነበርኩ። እኔ ያዘዝኩት አራት ማዕዘን ጉድጓድ ነበር። አሁን ሳየው ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው። ኡርጌሳ ሲሚንቶውን ለማውጣት አስፍተነው ነው ይላል፤ ሊሆን ይችላል። ከብቶቹ ግን የሚግጡትን ሣር ትተው እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ። እረኛው በጅራፍ ቢመታቸውም ዞረው ነው የሚያልፉት። የላንድሮቨሩም ሞተር ከዚያ ሲነሣ ሦስት ጊዜ ጠፋ። ሾፌሩ ካንዴላው ነው አለ።

መንደሩ ተጠየቀ። ሁሉም ሰው የወሰን ድንጋይ አላየንም፣ ያለን መቃብር ነው አለ። የናዝሬቱ ሰውዬ ያው ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ነበር። መቃብራችን ገብቶ ቁጥሩን አሥራ ሰባትን አነበበ። የአሰላው ሰው «ድንጋዩ በእናንተ በኩል ነው የተገኘው፣ የእናንተ ጉዳይ ነው» ሲለው፣ እሱ «ወሰኑ የእናንተም ነው» አለ። ሲከራከሩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። በድሮው መዝገብ ላይ «ሰንሰለት ያዥ መርዳሳ በዳኔ» የሚል ተጽፎ አግኝተዋል። በሕይወት ያለ ሌላ ምስክር አያውቁም። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ በናዝሬት የነገረኝን ራሱ አስታወሰኝ። «አባባ፣ መቃብር ነው ካሉ የእናንተ ነው፣ እኛ አንነካውም፤ ወሰኑን ሁለታችን ተስማምተን በፈለግንበት እናሰምራለን፣ መንደሩን ለሁለት ሊቆርጠው ይችላል። የወሰን ድንጋይ ነው ካሉ ግን የእኔም የእሱም አይደለም፣ አዲስ አበባ ይገባበታል። ከነአፈሩ ተነሥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ያነሡትም ይጠየቃሉ። የትኛው ነው?» አለኝ።

አየህ፣ በደብተሬ በግራና በቀኝ የጻፍኩት ተመልሶ በእኔ ላይ መጣ። በግራ ብል ዋሸሁ፤ በዕድሜዬ የሠራሁትን አንዱን ሥራ ካድኩ፣ ኡርጌሳና ሰባቱ ሰዎች ግን ይድናሉ። በቀኝ ብል እውነት ተናገርኩ፤ ስምንት ሰው ታሰረ፣ ሆራም ከአፈሩ ጋር ተዝቆ እንደገና ሲሚንቶ ሥር ይገባል። ፋሲካ እስኪያልፍ ጊዜ ስጡኝ አልኩ። ሰጡኝ። እኔ ጊዜ ስጠይቅ አይተውኝ ስለማያውቁ የመንደሩ ሰዎች ፈሩ።

ኮሚቴው የሄደ ዕለት እማማ ዘርፉ ደጄ መጥታ ተቀመጠች። ስገባ ስወጣ ታየኛለች። በኋላ «መርዳሳ፣ ያቺን ነሐስ ስታይ አይቼሃለሁ» አለችኝ። ቀጥላም «እኔ ሙሾ ሳወርድ ስም እፈልጋለሁ። ያን ቀን እንግዳዬ፣ እንግዳዬ እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ማንን እንደማለቅስ ሳላውቅ ሰው አስለቀስኩ። ስሙን ታውቃለህ?» አለች። አላውቅም አልኳት። ሰንበታ፣ ይህን በብዕር ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ አላውቅም አልኳት። እሷም «እሺ፣ አንተ ካላወቅክ ማንም አያውቅም» ብላ ተነሥታ ሄደች። የመጀመሪያው ውሸቴ አይደለም ለካ፤ ከአርባ ዘጠኝ ጀምሮ አንዱን ውሸት ነው የኖርኩት።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። አንተ ሰንሰለት ስለያዝክ ይገባሃል። ፊተኛው ሰው ሰንሰለቱን ዘርግቶ ከደረሰበት «ያዝ!» ይላል። ኋለኛው እጀታውን ችካሉ ላይ አጥብቆ «ይዣለሁ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ካልመጣ ፊተኛው ካለበት አይነቃነቅም። ፀሐይ ቢመታው፣ ዝናብ ቢወርድበት ይቆማል። ለሆራ እንዲህ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሳልመልስለት ቢሄድ በኩርኩም መትቼዋለሁ። ድንጋዩ ከተነሣ ጀምሮ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ሰው ሁሉ ከጥላ ሲገባ፣ ከሾላው በኩል ድምፅ ይመጣል። «ያዝ!» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ይሆናል። እኔ መንፈስና ዛር የማላምን ሰው ነኝ። በደብተሬ «ነፋስ» ብዬ ከነሰዓቱ እየጻፍኩ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሆኗል። ነፋስ በሌለበት ቀንም ነፋስ ብዬ ጽፌአለሁ። ጉዲቱ ትሰማው እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሰሞኑን ግን በዚያ ሰዓት ወጥታ በሩን ትዘጋለች።

በሚያዝያ ስድስት የምናገረውን ወስኛለሁ። መልስህ ቢደርስም ባይደርስም አልለውጠውም፤ መልስህ የሚጨምርበት ካለ እጨምርበታለሁ። እንዲህ እላለሁ፦ ድንጋዩ የመንግሥት ነው። ከሾላው ስድስት ሰንሰለት ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ቦታውን ለክቼ አሳያችኋለሁ፣ ውሰዱት። ከሥሩ የነበረው ሰው ግን ሆራ ይባላል፣ የአቦምሳ ሰው ነው፣ የማንም ወሰን አይደለም፤ ከእናቴ ራስጌ ይቀራል፣ ይህን እኛ ወስነናል። ወሰን ያፈለሰ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ፣ እነዚህ ስምንቱ የሞተ ሰው ነው ያነሡት። መጀመሪያ ሰው ላይ ድንጋይ የጫነውን ጠይቁ፤ ስሙ በመዝገባችሁ ላይ አለ።

ይህን ብዬ ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም። ከናዝሬትና ከአሰላ የትኛው ሊያስረኝ ሥልጣን እንዳለው እስኪለዩ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ብቀር ሰንሰለቱን ለአንተ ትቻለሁ። ጉዲቱን አትርሳት። ለሆራ ዘመዶች ወደ አቦምሳ ሰው ልኬአለሁ፤ እህት ነበረችው፣ ካለች ትምጣ።

ዛሬ ጠዋት ወደ እማማ ዘርፉ ቤት ሄጄ ነበር። ቆሜ ስሙን ነገርኳት። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ወደ መቃብሩ ወረደች። ብቻዋን፣ በቀስታ፣ በስሙ ስታወርድለት እዚህ ድረስ ተሰማ። ውሾቹ ያኔ ጮኹ።

ለባለቤትህ ለጤናዬ ሰላም በልልኝ፤ ጉልበቷን በሞቀ ጨው ውሃ ትዘፍዝፍ። ለትልቁ ልጅህ ለጉደታ፣ ሲጽፍ መስመር እንዳይለቅ ንገርልኝ፤ ባለፈው የላከው ጽሑፍ ቁልቁል ነበር። ለትንሿ ለሻሼ ሰላም፤ አላውቃትም፣ ግን ፎቶግራፏን ጉዲቱ ከመስተዋቱ ጎን ሰክታዋለች። ለጎረቤቶችህና ይህን ለሚያነብልህ ሰው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ዓይንህ ካልተሻለው ግን ይህን ደብዳቤ ከጤናዬ በቀር ማንም አያንብብልህ። ጉዲቱ ትስምሃለች። ኡርጌሳ ሰላም ብሎሃል፤ ስለምን እንደምጽፍልህ አያውቅም።

ደብዳቤውን አጥፌ መሐመድዘይንን ስጠብቅ እኩለ ቀን ሆነ። ስለዚህ ከፍቼ ይህን ጨመርኩ። እንደ ልማዱ ከሾላው በኩል ተጠራሁ። ደብተሬን አላወጣሁም። ሰንሰለቱን ከግድግዳ አውርጄ በግቢው ውስጥ ወደዚያው አቅጣጫ ዘረጋሁት፤ እጀታውን ደጃፌ ድንጋይ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ይዣለሁ!» አልኩ። ነፋስ አልነበረም። ሰንሰለቱ ተወጠረ።

ወንድምህ መርዳሳ በዳኔ
መልካ ዶባ፤ አስተዳደር አካባቢው ገና አልተለየም
መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.